የሰይድ ቶርኖ እና የቅዳሜው መኪና

ምላሴ ረጅም ነው፤ ይሄን እኔ ባልናገር የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ ይነግራችኋል። ጅዳ ስንት ዓመት አፌን ዘግቼ የሰው ቤት ሳገለግል ኖሬ፣ አገሬ ስገባ የተጠራቀመውን ሁሉ ማውጣት ጀመርኩ መሰለኝ። ስለዚህ ወሬዬ ቢረዝም ታገሱኝ። የማወራችሁ የሦስት ቀን ነገር ነው፤ ግን ወላሂ፣ ከዚያ በፊት የነበረችው ዘይነባና ከዚያ በኋላ ያለችው ዘይነባ አንድ አይደሉም።

ጊዜው የኢሕአዴግ ዘመን ነው። «ተደራጁ፣ ሥራ ፍጠሩ» የሚባልበት፣ በየከተማው ዳር ለጥቃቅንና አነስተኛ የቆርቆሮ ሼድ የሚቆምበት ወቅት። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰይድ አንዱ ሼድ ደረሰን። እኔ ከጅዳ ይዤ በመጣሁት ገንዘብ አንድ ያገለገለ ቶርኖ ገዛን። ቶርኖ ለማታውቁ፣ ብረት ነክሶ እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። የወፍጮ ዘንግ በሉት፣ የጋሪ አክስል በሉት፣ የማይወጣበት ነገር የለም። ሰይድ ሙያውን ኮምቦልቻ ነው የተማረው፤ አላህ እጁን ባርኮለት ነበር። ከአጅባር፣ ከወረኢሉ፣ ከከላላ ሳይቀር ወፍጮው የተሰበረበት ሰው ብረቱን በበቅሎ ጭኖ «የሰይድ ቶርኖ የት ነው?» እያለ ይመጣል። እኔም በር ላይ ቆሜ እንደ ሙሽራ እናት ደረቴን ነፍቼ አስገባለሁ።

ኋላ ሰይድ የተሳፈረበት አይሱዙ የወረኢሉ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሀምዱሊላህ። ቀኝ እጁ ግን ድኖም አልዳነ። ጣቶቹ ተዘርግተው ቀሩ፤ አልጨብጥ አሉ። የቶርኖ ሥራ ደግሞ ምንድን ነው? መጨበጥ ነው። በቀኝ አንዱን እጀታ፣ በግራ ሌላውን እያዞሩ መዋል ነው። ባለሙያ ቀጠርን፣ አልበረከተም። ሌላ ቀጠርን፣ ደሴ የተሻለ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ሰይድ በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሰው ሆነ። ብርድ ሲሆን እጁን ስለሚያመው በሱፍ ሻርፕ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።

አንድ ቀን «እታለም፣ ልሄድ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ሳዑዲ።»

«በምን?»

ዝም አለ። ዝም ሲል በምን እንደሆነ ገባኝ። በጅቡቲ፣ በጀልባ፣ በየመን በረሃ።

«እኔ በአውሮፕላን ሄጄ እንኳ ግማሽ ሰው ሆኜ ነው የተመለስኩት!» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ በአንድ እጅህ ባሕር ልትሻገር? ደግሞስ ደርሰህ ምን ልትሠራ?»

«ፍየል ለመጠበቅ ሁለት እጅ አያስፈልግም» አለኝ።

አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ ሽማግሌ ላክሁ፤ አልሆነም። መንገዱን የሚያመቻቸው ኑረዲን የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን የራሱን ወንድም ሳይቀር በዚያው መንገድ የሸኘ፣ ሰው ሲለምነው እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው። መኪናው በወሩ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚነሳ ለሰይድ ነገረው።

እንግዲህ ቀለመወርቅ የሚባል የቴክኒክና ሙያ መምህር አለ። የቄስ ልጅ ነው። አባቱ ድቁና ሊያስተምሩት ሲሉ እሱ የደብሩን ድምፅ ማጉያ ፈታቶ ቁጭ አለ ይባላል። ሼዳችን እየመጣ ከሰይድ ጋር ስለ ማሽን ሲያወራ ይውላል። የሰይድን መሄድ ሲሰማ ጢሙን እየጎተተ አሰበና፣ «እኛ እጀታውን ከምናዞረው ራሱ እንዲዞር ብናደርገውስ?» አለ።

እኔ ሳቅኩ። ሰይድ ግን አልሳቀም።

ቀለመወርቅ ከአዲስ አበባ ትንንሽ ሞተሮችና የክብሪት ሣጥን የምታህል፣ ትእዛዝ የምትይዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አስመጣ። ሞተሮቹን በእጀታዎቹ ቦታ አሰረ፣ ሽቦውን ሰሌዳዋ ላይ ሰካ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሰይድ «እዚህ ላይ ትንሽ ብቻ ትብላ፤ እዚህ ስትደርስ ቀስ ትበል፤ ብረቱ ሲጮህ ፍጥነት ይቀነስ» ይላል፣ ያኛው ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል። ሰሌዳዋን የወንድሜን የእጅ ሙያ እያስተማሯት ነበር። ከዚያ ወዲያ የሰይድ ሥራ ብረቱን በግራ እጁ ማሰር፣ ልኩን መስጠትና ማየት ብቻ ይሆናል። ሰይድ ሲያወራ ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። እኔም ሳቄን ትቼ ዱዓ ጀመርኩ።

በዚህ መሃል ሐጂ ይመር ከከላላ መጡ። የወፍጯቸው ዘንግ ተሰብሮ ሰፈሩ ሁሉ እህሉን በበቅሎና በጀርባ ሩቅ እየወሰደ ነው የሚያስፈጨው። አዲስ ብረት ይዘው ነው የመጡት። ሰይድ ብረቱን አገላብጦ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ ሐሙስ ይሄን ዘንግ በዚህ ማሽን እንሞክረዋለን። ልኩን ጠብቆ ከወጣ እቀራለሁ። ካልወጣ ቅዳሜ መንገዴን እንዳትዘጊብኝ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐሙስ ረፋድ ላይ ተጀመረ። ሐጂ ሙሰብሃቸውን እየቆጠሩ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ጋ ሰፌዴን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እየለቀምኩ ነው፤ ዓይኔ ግን ምስሩ ላይ አልነበረም። ቀለመወርቅ አማተበና አስነሳው። ብረቱ ዞረ። ቢላው ማንም ሳይነካው ራሱ ተጠጋ፣ ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ ተመለሰ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወረደ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሐጂ። «ጂን አይደለም አይደል?»

«እንደ ጂን እንኳ አይደለም፣ ሐጂ» አለ ሰይድ እየሳቀ። «ጂን ይናደዳል፤ ይሄ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው።»

ስንት ወር ሳይስቅ የኖረ ልጅ ነው። እኔ ምስሩን ከነጠጠሩ መልሼ ደባለቅኩት።

ዘንጉ ገና ሳይጋመስ መብራት ጠፋ።

ቀለመወርቅ «በስመ አብ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «ካቆመበት መቀጠል አያውቅም እኮ! መብራት ሲመጣ ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። በሉ አሁን ምሳ ይዤላችሁ ልምጣ።» በር ጋ ከቆጣሪው ሥር ያለውን የማሽኑን ትልቅ ማብሪያ አጠፋና ሄደ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር የኛ አገር ሰው ወዲያው ይረዳዋል። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ማን ያጠፋል? አምፖሉም፣ ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም እንደበራ ነው የሚተወው። አለበለዚያ መብራት መምጣቱ በምን ይታወቃል? የኛ ሼድ ውስጥ ደግሞ ቀን ቀን አምፖል አናበራም። መብራት መምጣቱን የምናውቀው የቶርኖው ሞተር እምም ሲል ነው። ድሮ ይሄ ጉዳት አልነበረውም። ሞተሩ ቢያጉረመርምም ሰው ማንሻውን ካልሳበ ብረቱ አይዞርም። አሁን ግን ማንሻው ታስሮ ሥራው ለሰሌዳዋ ተሰጥቷል።

ቀለመወርቅ እንደወጣ ሰይድ ሄደና ማብሪያውን መልሶ አበራው።

«ይሄ የቄስ ልጅ አጥፍቶት ሄደ» አለኝ። «መብራት ቢመጣ ምን ሊነግረን ነው?»

«እውነትህን ነው» አልኩ እኔም። ምንም አልታየኝም፤ ለእሱም አልታየውም። ቤታችን ውስጥ ስንሠራው የኖርነውን ነው የሠራነው።

ሐጂ ጥግ ይዘው የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሊሰግዱ ቆሙ። ሰይድ ብሩሽ በግራ እጁ አንስቶ ፍቅፋቂውን መጥረግ ጀመረ። የሚያመው እጁ በሻርፕ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ታችኛው ብረት ውስጥ የገባችውን ለማውጣት ጎንበስ አለ።

ፊት ለፊት ካሴት ቤት ዘፈኑ ድንገት አስተጋባ። የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። እኔም ደስታ ገደለኝ። «መጣ! ሰይድ፣ መጣ!» ብዬ አጨበጨብኩ። እያጨበጨብኩ ነው ዞር ያልኩት።

ሻርፑ ብረቱን የነከሰው መንጋጋ ውስጥ ገብቷል። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። ሰይድ በግራ እጁ ማሽኑን እየገፋ አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ማሽኑ ወደ ራሱ ይስባል። ድምፅ አልነበረውም። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋል ትላላችሁ? እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ወደ እሱ መሮጥ ነው። ደርሼ ሻርፑን ያዝኩ፤ ጣቴን ይዞኝ ሊሄድ ሲል ለቀቅኩት። በዚህ ጊዜ ሐጂ ሶላታቸውን ቆርጠው እንደ ጎረምሳ ዘለው የሰይድን ወገብ ከኋላ አቀፉ።

«ማጥፊያው!» ብለው ጮኹ። «አንቺ ልጅ፣ ማጥፊያው!»

ለካ ትቼው የመጣሁት በር ጋ፣ ከቆጣሪው ሥር ነው ትልቁ ማጥፊያ። ተመልሼ ሮጥኩ። ያቺ ሼድ አንድ ክፍል ናት፤ ያን ቀን ግን ከደሴ መካነ ሰላም ድረስ ራቀችብኝ። ስነሣ የደፋሁት ምስር አንሸራቶኝ በጉልበቴ ወደቅኩ። እየዳኽኩ ደርሼ ተንጠላጠልኩበትና ወደ ታች ጎተትኩት።

ማሽን ሲያጠፉት ወዲያው አይቆምም። ይሄን እኔ አላውቅም ነበር። ከጠፋም በኋላ ዞረ፣ ዞረ፣ የወንድሜ ጉንጭ ብረቱ ላይ እስኪለጠፍ ዞረና ቆመ።

ሐጂ ከወገባቸው ጩቤ አወጡ። ሻርፑን ከአንገቱ ሥር ቆረጡት። ሰይድ ላያቸው ላይ ወደቀ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት በቀር ምንም አልቻልኩም። ፊቱ ጠቁሯል። በኋላ አንድ ጊዜ ደረቱ ከፍ አለ፤ ሳለ፤ አየር ሲስብ የወናፍ ድምፅ አሰማ። ያን ድምፅ የሰማሁ ዕለት ከጅዳ ጀምሮ ያዘንኩትን ሁሉ ተውኩት።

ሐጂ የሰይድን ራስ ጭኔ ላይ አኖሩልኝና ላባቸውን ጠረጉ። «ለነፍስ ሲሆን ሶላት ይቆረጣል» አሉ። «አሁን ከመጀመሪያው ልስገድ።» ቆመውም ሰገዱ።

ቀለመወርቅ አገልግል ይዞ እየዘፈነ ሲገባ ይህን አየ። መንጋጋው ላይ የተጠመጠመውን ሻርፕ፣ ሰይድ አንገት ላይ የወጣውን ቀይ መስመር። አገልግሉን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

«አልሞትኩም እኮ» አለ ሰይድ። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል።

እኔ ግን ቁጣዬ የመጣው ያኔ ነው። ተነሥቼ ማሽኑን በጫማዬ መታሁት። «ንቀለው!» አልኩት ቀለመወርቅን። «ሽቦህንም ሞተርህንም ንቀልልኝ! ይሂድ! ከፈለገ ባሕር ይሂድ፤ ዓይኔ እያየ ቤቴ ውስጥ ከሚታነቅ እዚያው ይሂድልኝ!»

ይሄን እኔ ነኝ የተናገርኩት። ስንት ወር አትሂድ ብዬ መሬት የተንከባለልኩት እኔ።

ቀለመወርቅ ተነሣና እውነትም መፍቻ አነሣ። ሰይድ ግን ግራ እጁን ዘርግቶ የሱሪውን እግር ያዘው።

«ተው» አለ። ቃል ባወጣ ቁጥር ጉሮሮውን ይይዛል። «እታለም፣ አሁን ምን አድርገሽ ነው ያተረፍሽኝ?»

«ምን ማለትህ ነው? አጠፋሁታ!»

«አጠፋሽው» አለ። «ሐጂ ያዙኝ፣ አንቺ አጠፋሽው። ባሕሩን ማን ያጠፋልኛል? እዚያስ ማን ወገቤን ይይዘኛል?»

ሐጂ ሶላታቸውን ጨርሰው ሰጋጃቸው ላይ እንደተቀመጡ «አላህ በአፍህ ነው የተናገረው፣ ልጄ» አሉ።

ቀለመወርቅ መፍቻውን አስቀመጠ። ከዚያ ግንባሩን መታ። «የወፍጮ ቤት ስታርተር!» አለ። «ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! የወፍጮ ሞተር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ ይነሣል እንዴ? አይነሣም! ሰው አረንጓዴዋን ቁልፍ ካልተጫነ ንቅንቅ አይልም!» ከዚያ እየሮጠ ወጣ።

ሞተሩ ከተቃጠለበት የከተማው ወፍጮ ቤት ስታርተሩን ለምኖ አመጣ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገጠሙት፤ አረንጓዴ ማስነሻ፣ ቀይ ማቆሚያ። ከብረቱ ፊት ደግሞ የቆርቆሮ መከለያ አደረጉ። ሙከራውን እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ ለማንም አልሰጠሁም። ትልቁን ማጥፊያ አጥፍቼ አበራሁ። ዝም። ደግሜ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ዝም። እጄ እስኪዝል ሳጠፋና ሳበራ ቀለመወርቅ «እመቤቴ፣ ቆጣሪውን አቃጠልሽው እኮ» አለኝ።

የፊተኛው ብረት ቢላው ገብቶበት ተበላሽቷል። ሐጂ አንድ ቃል ሳያጉረመርሙ ከከተማው ነጋዴ ሌላ አመጡ። አመሻሽ ላይ ብረቱ ታሰረ። ሰይድ ሊያስነሳው ሲል፣ እናንተው ገምቱ፣ መብራት ጠፋ። አልተመለሰም።

ዘንጉ አልወጣም ማለት ነው። ቃላችን ደግሞ ቃል ነው። ቅዳሜ ሲነጋ የሰይድን መኝታ ባዶ አገኘሁት። ቦርሳው አለ። እሱ ግን የለም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ሼዱ እየሮጥኩ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሰላምታ ነፈግኩ።

የሼዱ በር ተከፍቷል። ሰይድ ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሐጂ ይመርም ጆንያቸው ላይ ናቸው። አንዱም አልተናገረኝም፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ይዤ ቆምኩ።

ብዙ ሳይቆይ ኑረዲን ሹልክ ብሎ ገባ። «አሰላሙ አለይኩም። ሰይድ፣ ቤት ፈልጌ አጣሁህ። መኪናው ሊነሣ ነው።»

«ወአለይኩም ሰላም። አልሄድም» አለ ሰይድ።

«እንዴት?»

«መብራት እየጠበቅኩ ነው።»

ኑረዲን ማሽኑን አየ፣ የሰይድን አንገት አየ። «የዚህን አገር መብራት?» አለ። «ባይመጣስ?»

«ነገ ይመጣል።»

ኑረዲን ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብሎ የሰይድን ግራ እጅ ጨበጠው። «አብሽር» አለው። «ወንድሜም ያኔ እንዲህ የሚጠብቀው ነገር ቢኖረው ኖሮ አልሰደውም ነበር።» ወጣ። መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ሰማነው፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

መብራት የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። እኛ ግን ሦስታችንም ማሽኑን እናያለን። ዝም አለ። ሰይድ ተነሣና ከኪሱ ቀኝ እጁን አወጣ። ያ እጅ አይጨብጥም፣ መፍቻ አይዝም፣ ጉርሻ አይጠቀልልም። መግፋት ግን ይችላል። በአውራ ጣቱ አረንጓዴዋን ተጫናት።

ዘንጉ ወጣ። ሐጂ ከወፍጯቸው ያመጡትን፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ አስገቡበት፤ ልክ ገባ። እኔ እልል ስል ከፊት ለፊት ካሴት ቤት ዘፈኑን ቀንሰው ማን ተዳረ ብለው መጡ።

ይሄ ከሆነ ዓመታት አለፉ። እናንት ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ ከመካከላችሁ ልጁ፣ ወንድሙ፣ እኅቷ «ልሄድ ነው» ብሎ ያላስጨነቀው ሰው ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ የሰፈር ልጅ «እትዬ ዘይነባ፣ መርቂኝ፣ ልሄድ ነው» እያለ መጥቶብኛል። ድሮ ቢሆን እጮህበት ነበር። አሁን በርጩማ አቀርብለትና አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ «እዚህ ምን ብታገኝ ትቀራለህ?» እላለሁ። ከዚያ ምላሴን ነክሼ አዳምጣለሁ። ሲጀምሩ ያፍራሉ፤ በኋላ ግን ይናገሩታል። አንዷ የስፌት መኪና ትላለች፣ አንዱ የሚሠራበት ጥግ ይላል፣ ሌላው መነጽር ይላል። ልቤን የሚሰብረው የሚጠሩት ነገር ትንሽነቱ ነው።